የደረቴ ተከራይ

ወልቂጤ መናኸሪያው አካባቢ ፍሪጅና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያስጨበጠኝ ሕግ አንድ ነው፤ የሚሠራን ዕቃ አትክፈት። ደንበኛ መጥቶ "እስቲ ውስጡን እየው፣ ድምፅ ቢጤ ያሰማል" ሲለኝ "ያቀዘቅዛል?" እለዋለሁ። "ያቀዘቅዛል" ካለ "እንግዲያው ይዘኸው ሂድ" ብዬ እሸኘዋለሁ። በዚህ ጠባዬ ሰነፍ የሚሉኝ አሉ። ስለ ሰው ፍሪጅ ሲሆን ቆራጥ ነኝ። ስለ ራሴ ደረት ሲሆን ግን ያንኑ ሕግ ለዓመታት ስደጋግመው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ከልቤ አምኜው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ለሥራ አረብ አገር ልሄድ ብዬ ምርመራ ስገባ የደረት ራጅ አነሱኝ። በቀኝ ሳንባዬ ላይ ክብ ጥላ ታየ። መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ አክታዬ ተመረመረና አይደለም ተባለ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ በመርፌም ናሙና ተወሰደልኝ። ውጤቱን የነገሩኝ ሐኪም ፀጉራቸውን ሽበት የወረሰው፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ።

"ዕጢ ነው" አሉኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ ወዲያው ጨመሩበት። "ካንሰር አይደለም። ክፋት የሌለው፣ እኛም ብዙ ጊዜ የማናገኘው ዓይነት ነው።" ስሙንም ነገሩኝ። ስሙ ከመርዘሙ የተነሳ እሱን ለመጥራት ራሱ ደህና ሳንባ ይጠይቃል።

"ታዲያ ይወጣላ?" አልኳቸው።

"አንነካውም። ያለበት ቦታ ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ነው፤ እሱን ለማውጣት ከሳንባህም ቆርጦ ማውጣት ይጠይቃል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ እኛም ዝም እንለዋለን። በየዓመቱ እየመጣህ እናየዋለን።"

"እስከ መቼ?"

"እየኖርክ" አሉ።

አረብ አገሩ ቀረ። እኔም ለዕጢው ስም አወጣሁለት፤ ተከራዩ። ኪራይ አይከፍልም፣ አይወጣም፣ አይናገርም። ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ቁርጥ ሲለኝ "ዛሬ ደግሞ ዕቃ እያስገባ ነው" እል ነበር። ቀልዱን ግን የምቀልደው ለራሴ ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር ዕጢ ካልክ ካንሰር ነው፤ ካንሰር ካልክ ደግሞ በቁምህ ነው የሚለቀስልህ። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ "መቼ ነው የምታገባው?" ስትለኝ "ሥራው ይደላደል" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የምኖረው ከምርመራ እስከ ምርመራ ነበር። በዋስ የተለቀቀ ሰው በየጊዜው ጣቢያ ቀርቦ እንደሚፈርመው፣ እኔም በዓመት አንድ ጊዜ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ በዚያ ክብ መሣሪያ ውስጥ ተጋድሜ "ትንፋሽ ያዝ" እባላለሁ። "ልቀቅ" ሲሉኝ የለቀቅኩት ይመስላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ይዤው ነበር የምከርመው።

እንዲህ ጥቂት ዓመታት ከኖርኩ በኋላ፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ነገሩ የተበላሸው። ሽማግሌው ሐኪም ጡረታ ወጥተው ስለነበር ምርመራውን ያደረግኩት ቡታጅራ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም ናት፤ ጥንቁቅ ናት፣ ነገር አታድበሰብስም። ካለፈው ዓመት ምርመራ የተሰጠኝን የውጤት ወረቀት አነበበች፣ አዲሱን ምስል አየች፣ ተመልሳ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ውጭ አስቀምጣኝ ስልክ ስትደውል ቆየችና ጠራችኝ።

"እዚህ ከተጻፈው ልክ ይኼኛው ይበልጣል" አለችኝ።

"አድጓል ማለት ነው?"

"ሊሆን ይችላል። ግን ወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ብቻ መወሰን አልፈልግም። የድሮውን ምስል ከአዲሱ ጎን አድርጌ ማየት አለብኝ። ያነሱህ ቦታ ደውዬ ነበር፤ የቆየ ምስል አላስቀመጡም። ለአንተ የተሰጡህ ፊልሞች የት አሉ?"

"አባቴ ቤት። ቸሃ።"

"እንግዲያው አምጣቸው። እያደገ ያለ ነገር ተቀምጦ አይጠበቅም፣ ከነሳንባው ቁራጭ ይወጣል። አዲስ አበባ ካለው ቀዶ ሐኪም ጋር ተነጋግሬ ከበዓል በኋላ ቀጠሮ አስይዤልሃለሁ። እኔ በደመራ ዕለት እስከ ምሳ ድረስ እዚሁ ነኝ፣ ከዚያ ለበዓል ወደ ቤተሰቦቼ እሄዳለሁ። እስከዚያ ፊልሞቹ ከመጡ አያቸዋለሁ። ካልመጡ ግን እንዳደገ ነው የምንቆጥረው።"

ፊልም የምለው፣ ሳንባዬ በትናንሽ ምስሎች ተደርድሮ የታተመበትን ሰፊ ጥቁር ላስቲክ ነው። ቸሃ የተገኘው እኔ የምኖርባት ክፍል ጣሪያዋ የሚያፈስ ስለነበረች ነው። ለእኛ ለጉራጌ ልጆች የአባት ቤት መጋዘናችን ነው፤ የተበላሸ ዕቃ፣ የጠበበ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ደብተር፣ ሁሉም እዚያ ይከማቻል። እኔም ከማይሠሩ የቴሌቪዥን ዕቃዎች ጋር በሻንጣ አድርጌ ቆጡ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለመስቀል ያልገባ ሰው ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ተብሎ ይጠረጠራል። እኔ ሁለቱንም ሆኜ ነው የገባሁት።

ከአውቶቡስ እምድብር ከተማ ወርጄ በእግሬ ቤት ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ታላቅ ወንድሜ ሀብቴ ከመርካቶ ከነልጆቹ ገብቷል፣ የአክስቶቼ ልጆች ገብተዋል። ዝናቡም እንደነሱ ለመስቀል የገባ ይመስል አልወጣ ብሏል። ሰላምታው እንዳለቀ ቆጡ ላይ ወጣሁ። ሻንጣው አለ። ፖስታው አለ። ፖስታው ውስጥ ምንም የለም።

እናቴን ጠራኋት። "እማዬ፣ ሻንጣዬን የነካ ሰው አለ እንዴ?"

"ምን ጠፋህ?"

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ታሪኩ ባላስፈለገ። "ወረቀት" አልኳት። "የሥራ ወረቀት።"

"እኔ ወረቀት አልነካሁም" አለች። እውነቷን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። አልጋ ሥር ገባሁ፣ የእህል ጎተራ ጀርባ በረበርኩ፣ የአባቴን ሣጥን ሳይቀር ከፈትኩ። በጓሮ በኩልም ዞርኩ፤ እንሰት፣ ጭቃ፣ የጎጆው ትንሽ መስኮት ላይ የተመታ ጥቁር ላስቲክ፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው "ምን ትፈልጋለህ?" ሲለኝ "ምንም" እላለሁ። ሁሉም ይስቃል፣ ያወራል፤ የጎመን ክትፎው ይታደላል፤ ከግራ ከቀኝ "ብላ እንጂ! ወልቂጤ ምን አብልተውህ ነው?" ይሉኛል። እኔ እውጣለሁ። ሸሽቼ ልውጣ ብል በመስቀል ሰው ከአባቱ ቤት ወዴት ነው የሚወጣው? ልቀመጥ ብል የደረቴ መከፈት እየቀረበ ነው። ቤተሰቤን እወዳለሁ፤ በእነዚያ ቀናት ግን ያ ቤት እንደ ወኅኒ ጠበበኝ።

የደመራው ዋዜማ፣ የእርዱ ጠዋት ደረሰ። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ በእኛ ዘንድ ለመስቀል ከብቱ ከመታረዱ በፊት ቤተሰቡና ጎረቤቱ ይቀመጣል። የተቀያየመ ይታረቃል። ቂም ባለበት ቤት ሥጋ አይቆረጥም። ትልቁ ጎጆ ውስጥ ዙሪያውን ተቀመጥን፤ አባቴ በመካከል፣ አጠገባቸው የጎረቤታችን ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ። ውጭ በሬው ታስሯል፣ ቢላዋው ተስሏል፣ ጎረቤቶች ከእኛ በኋላ ለእርድ ወደሚቀጥለው ቤት ስለሚሄዱ እየጠበቁ ነው። የተነጋገርነው በቸሃ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ለዛው ቢጎድል ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጋሽ ደምሴ "ቂም የያዘ፣ በሆዱ ነገር ያለው ካለ ቢላዋ ሳይነሳ ይናገር" አሉ።

እንደ ወትሮው ዝም ይባላል፣ ይመረቃል፣ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ሀብቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ልናገር። ይኼ ወንድሜ ምትኩ ከመጣ ጀምሮ ቤቱን ሲበረብር ነው የሰነበተው። ፈገግ አይል፣ አይበላ። ምን ጠፋህ ሲባል ወረቀት ይላል። እዚህ ቤት ያለ ወረቀት አንድ ነው፣ የመሬቱ። የእንሰቱን ማሳ አባባ ለእኔ ሊሰጡኝ ነው ብሎ ጠርጥሮኝ ከሆነ ፊት ለፊት ይጠይቀኝ። እኔ ከወንድሜ ጋር ተቀያይሜ ሥጋ አልበላም።"

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ይህ ነው ያሳመመኝ፤ በሁለት ልጆቻቸው መካከል የመሬት ነገር ገባ ብለው አመኑ።

"ወንድምህ ዋሽቷል?" አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

"አልዋሸም። ስፈልግ ነበር። የመሬት አይደለም እንጂ።"

"የምንድን ነው ታዲያ?"

ከፊቴ ሽማግሌዎች፣ ከኋላዬ ግድግዳ፣ በሩ ላይ የሰው ጫማና የሰው እግር። ውጭ በሬው አገሳ። አንዱ "ኧረ ቀኑ ሄደ" አለ። "ታምሜያለሁ" ብል በዓሉን ወደ ለቅሶ ልለውጠው ነው። "ምንም አይደለም" ብል ማንም አያምነኝም፣ በሬውም አይታረድም። ያን ጊዜ አንድ ቀላል መውጫ ታየኝ። "አዎ፣ ስለ መሬቱ ቅር ብሎኝ ነበር" ልበልና የሀብቴን ጉልበት ልሳም። በደቂቃ ያስታርቁናል። ያልነበረ ቂም ተናዝዤ የነበረውን በሽታ ልደብቅ! አምላክ ያውቃል፣ አፌን ከፍቼ ነበር።

"በጨለማ ምን እርቅ አለ፣ ተያዩ እንጂ!" አለች እናቴ። ተነስታ በጓሮ በኩል ያለችውን፣ ሀብቴ ከጥቂት ዓመት በፊት ያሠራትን ትንሽ መስኮት፣ የእንጨት መዝጊያዋን ወደ ውስጥ ስባ ከፈተቻት። ከዝናቡ የተነሳ ከመጣሁ ጀምሮ ተዘግታ ነበር። ያን ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ወጥታለች።

መስታወቱ የለም። በመስታወቱ ፈንታ ዙሪያውን በምስማር የተመታ ጥቁር ላስቲክ አለ። ፀሐይዋ በጀርባው ስትመታው ጥቁሩ ተከፈተና ጎድኖች ታዩ፣ የጀርባ አጥንት ታየ፣ በመደዳ የተደረደሩ ሳንባዎች ቦግ አሉ። ከውጭ በኩል ስንት ጊዜ አጠገቡ አለፍኩ!

የሀብቴ ትንሿ ልጅ "የበግ ጎድን!" አለች። ሰው ሳቀ።

"የበግ አይደለም" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። "የእኔ ነው። ስፈልገው የነበረው እሱን ነው።"

ከዚያ ወጣልኝ። ራጁን፣ መርፌውን፣ የየዓመቱን ምርመራ፣ የቡታጅራዋን ሐኪም፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ካንሰር አይደለም ብዬ ጀምሬ፣ አሁን ግን አደገ ይላሉ ብዬ ጨረስኩ። መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት።

"በረዶ መስታወቱን ሰበረው። ወፍራም ላስቲክ ነው፣ ለዝናብ ይሆናል ብዬ… ከቴሌቪዥኑ ዕቃ ጋር ስለነበር የቴሌቪዥን መስሎኝ…" እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በገዛ ልጄ ሳንባ ነው እንዴ ዝናብ የከለከልኩት?"

ሀብቴ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። "እኔ እኮ መሬት ነው ብዬ…" ይላል፣ አይጨርሰውም።

አባቴ ተነስተው ወደ መስኮቷ ሄዱ። "የቱ ነው?" አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን አምጥተው ምስሉ ላይ አሳረፉበት፤ ከጣታቸው ሥር ገብቶ ጠፋ።

"ይኼን ነው ብቻህን ስትሸከም የኖርከው?" አሉ።

ሠላሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ፣ ሽማግሌ ፊት ነኝ፣ አለቀስኩ።

ጋሽ ደምሴ ባርከው በሬው ታረደ። ሀብቴ ምስማሮቹን አንድ በአንድ በጉጠት ነቀላቸው፤ እናቴ ፊልሞቹን በነጠላዋ ጠርዝ እንደ ሕፃን ፊት ጠራረገቻቸው። በማግስቱ ማለዳ ሀብቴ መኪናውን ሲያስነሳ አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠው አገኘናቸው።

"አባባ፣ ዛሬ እኮ ደመራ ነው" አልኳቸው። ደመራውን የሚለኩሱት እሳቸው ናቸው፤ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ በዚያ ዕለት ከደጃቸው ርቀው አያውቁም።

"ደምሴ ይለኩሰው። ንዳው" አሉ ሀብቴን።

ወደ ቡታጅራ የሚያሻግረውን ተራራ ስናልፍ ጭቃው ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆመብን። ወደፊትም ወደኋላም የለም። አባቴ ፊልሞቹን ጭናቸው ላይ አቅፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሀብቴ ጫማውን አውልቆ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የጭነት መኪናውን ይገፋል። እኔን "አንተ ቁጭ በል" ብለው ከለከሉኝ። ሲላቀቅ እልል ተባለ። ክሊኒኩ የደረስነው ሐኪሟ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ስትወጣ ነው።

አየችን። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ነጋዴና እኔ። ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰካችው።

"እነዚህ ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?"

"ምስማር ነው" አለ ሀብቴ። "መስኮት ላይ ነበር።"

እኛን ኮሪደር አስቀምጣ በሯን ዘጋች። ያ ክብ መሣሪያ ውስጥ ስገባ እንኳ እንደዚያ ታፍኜ አላውቅም። አባቴ እጄን ያዙኝ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እጄን ይዘውኝ አያውቁም። መዳፋቸው ሻካራ ነው።

"ግቡ" አለች። "ሁላችሁም።"

አዲሱና አሮጌው ምስል ጎን ለጎን በርተዋል። "ባለፈው ዓመት የተጻፈው ልክ የተወሰደው ዕጢው ቀጠን ብሎ ከታየበት ምስል ላይ ነው" አለች። "እኔ የለካሁት ሰፋ ብሎ ከሚታይበት ነው። አሁን አሮጌውንም እዚያው ቦታ ላይ ለካሁት። እኩል ናቸው። የመጀመሪያው ፊልምም ያው ነው።"

"አላደገም?" አልኩ።

"አላደገም። ቀጠሮውን እሰርዘዋለሁ።"

ሀብቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አባቴ ግን አልጨረሱም። "ልጄ፣ ይወጣል ወይስ ይቀመጣል?"

"ይቀመጣል አባቴ። በየዓመቱ ይመጣና እናየዋለን።"

"እስከ መቼ?"

"እየኖረ" አለች።

ሽማግሌው ሐኪም የነገሩኝ ያው ቃል ነው። እኔ ያን ቃል እንደ ዕድሜ ልክ ፍርድ ተቀብዬው ነበር። አባቴ ግን ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"እየኖረ ካላችሁማ ምን ቸገረን!" አሉ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ስጽፍ ተከራዩ አሁንም እዚያው አለ። ዳንኩ ብዬ አልዋሽህም። አንተም ሐኪም "እንጠብቀው" ያለህ ነገር ይዘህ የምትዞር ከሆነ፣ መጠበቅ ሥራ መሆኑን ታውቃለህ፤ እንደ ማንኛውም ከባድ ሥራ ብቻን አይሆንም። አሮጌ ፊልምህን ደግሞ አትጣል። ከጣልከውም የት እንደጣልከው ለአንድ ሰው ንገር። ለእናቶችም የምለው አለኝ፤ ከልጅ ሻንጣ ለወጣ ጥቁር ላስቲክ ሁሉ ምስማር አታንሱ።

ከዚያ ወዲህ ትዳር ያዝኩ። ሳገባት ከቀለበቱ በፊት ፊልሙን ነው ያሳየኋት፤ "ቤቱ ከነተከራዩ ነው የሚሸጠው?" ብላ ሳቀችብኝ። መስኮቷ መስታወት ገብቶላታል። ፊልሞቹን እናቴ ከክት ልብሷ ጋር አስቀምጣቸዋለች፤ ለምርመራ ስሄድ ራሷ አውጥታ ትሰጠኛለች፣ ስመለስም ተቀብላ ታስገባለች።

መስቀል ሲመጣ አሁንም ዙሪያውን እንቀመጣለን። በሬው ውጭ ይታሰራል፣ ቢላዋው ይሳላል፣ ጎረቤት ይጠብቃል። ጋሽ ደምሴ "በሆዱ ነገር ያለው ይናገር" ሲሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል።

"ያው ነው" እላለሁ።

"ያው ነው?" ይላሉ አባቴ።

"ያው ነው፣ አባባ።"

"ለከርሞም ያው ያድርግልን" ይላሉ። ቢላዋው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።